ሳይቀነስ የተጻፈው ወለድና የፀዳል ፊርማ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለመሪጌታ ምናሉ፣
ደብረ ታቦር።

ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ተንበርክኮ ይድረስዎ። ጾሙና ማኅሌቱ ጉልበትዎን ምን ያህል አደከመው? ድምፅዎ በዘንድሮው የሁዳዴ ሌሊት አልሻከረብዎትም? በመስከረም የተገፈፈው የዓይንዎ ሞራ ዳዊቱን ያለ ሰው እርዳታ ለመድገም አበቃዎት ወይስ ዛሬም ልጅዎ ተገኝ እያነበበልዎ፣ እርስዎ በቃልዎ እየቀደሙት ነው? ባለቤትዎ እትዬ ጌጥነሽ ከዚያ ከወደቁበት ወዲህ ያለ ምርኩዝ ደጅ ወጡ? የልጅ ልጅዎ ልዕልትስ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? ስለ እያንዳንዳችሁ የምጠይቀው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የያዝሁት ጉዳይ ስለሚያስቸኩለኝ ሰላምታዬን እዚህ ላይ ሳልፈቅድ እቆርጣለሁ።

እኛ ዘንድ ያለውን ቢጠይቁኝ፣ እንደ ደንቡ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነን» ብዬ ማለፍ ይገባኝ ነበር፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት በጻፍሁልዎ ደብዳቤ ሁሉ ይህን ቃል አንድ ቀን እንኳ አላጓደልሁም፤ ዛሬ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ባለቤቴ ፀዳል ደረቷ ላይ ባለው ዕጢ መታመሟን ካወቁ ዓመት ሊሞላዎ ነው፤ ያላወቁት ግን በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥሯ ይገባ የነበረው መድኃኒት መቋረጡን ነው። ያቋረጠባት ሐኪም አይደለም፤ መንግሥትም አይደለም። ያቋረጥሁባት እኔ ወንድምዎ ነኝ፤ በገዛ ብዕሬ፣ በገዛ ትምክሕቴ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት። እንደሚያስታውሱት፣ እኔ በአውሮፕላን ማረፊያው የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቲኬት ስቀበል፣ ፀዳል ደግሞ በሳሎኗ የሌላ ሰው ልጆች በክፍያ ስትጠብቅ ዕዳዋን ከፍለን የጨረስናትን የሞንትቤሎ ቤታችንን፣ ደረጃዋ ለጉልበቴ፣ በረዶዋን መጥረጉም ለወገቤ ቢከብደኝ ከአራት ዓመት በፊት ሸጠናት አውሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ዳር ወዳለ አነስተኛ አፓርትማ ገባን። ከሽያጩ የተረፈንንም ገንዘብ በዚህ በአሜሪካ ያለች አንዲት ከተማ የውሃ መስመሯን ለማደስ ለሕዝብ ባቀረበችው ቦንድ ላይ አዋልነው፤ የእንዲህ ያለው ቦንድ ወለድ ከመንግሥት ግብር ነፃ ነው፤ ውሃ ለተጠማ ሕዝብ ማበደርም አራጣ አይሆንብኝም ብዬ ኅሊናዬን አሳመንሁ።

አሁን የምነግርዎ ነገር ደረቅ ነው፤ የፀዳል ነፍስ ግን በርሱ ላይ ተንጠልጥላለችና ታግሠው ይስሙኝ፤ ተገኝም ቁጥሩን ሲያነብልዎ ቀስ ይበል። በቦንዱ ላይ የተጻፈው ዋጋ መቶ ሺህ ዶላር ነው፤ እኛ የገዛነው ግን በመቶ አሥራ ሁለት ሺህ ነው። ስለ ምን አብልጠህ ከፈልህ ቢሉኝ፣ ከተማዪቱ በየዓመቱ የምትሰጠው ወለድ አምስት ሺህ ነው፤ ይህም የጊዜው ገበያ ከሚሰጠው ስለሚልቅ፣ የላቀውን ለሚሻ ሰው በመነሻው መጨመር ግድ ይሆንበታል። ስምንት ዓመት ሲሞላ ታዲያ የምትመልስልን መቶውን ሺህ ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱ ሺህ የት ገባ? በየዓመቱ በሚመጣው አምስት ሺህ ውስጥ ሆኖ ጥቂት በጥቂት ወደ እኛው ይመለሳል። ስለዚህ ከአምስቱ ሺህ ከፊሉ ትርፍ ሳይሆን የገዛ ገንዘባችን ነው፤ ሕጉም ይህንኑ ተመላሽ በየዓመቱ ከወለዱ ላይ ቀንሶ የተረፈውን ብቻ ወለድ ብሎ ማስታወቅን ያዛል።

ይህን ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ወይም ማወቅ አልፈለግሁም። ቦንዱን የሚይዝልን ድርጅት በየዓመቱ በየካቲት በሚልክልን ወረቀት ላይ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ በአንደኛው የተከፈለን አምስት ሺህ፣ በሌላው የዓመቱ ተመላሽ፣ ለምሳሌ በመጨረሻው ወረቀት አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ፣ ተጽፎ ይመጣል። ልጄ ሩቲ «ዳዲ፣ ታክሱን ለሚሠራ ሰው ስጠው፣ ዋይ ዱ ዩ ሰፈር፣ ለምን ትሠቃያለህ» እያለች ብትወተውተኝም፣ በአውራጃ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የአሥር ሺህ ሰው ጉዳይ አንድ ቅጠል ሳይጎድልብኝ የጠበቅሁ ሰው ሆኜ የራሴን ሒሳብ ለሌላ አሳልፌ መስጠት ውርደት መሰለኝ፤ መነጽሬን ሰክቼ፣ መመሪያውን ገልጬ ተቀመጥሁ። መመሪያውም በአንድ ስፍራ፣ ከግብር ነፃ በሆነ ቦንድ ላይ የተከፈለ ብልጫ ተቀናሽ አይሆንም ይላል። ወንድም ጋሼ፣ እዚያው ላይ ቆምሁ! ለተማሪዎችዎ «ግማሽ ንባብ ከመሃይምነት ይከፋል» ሲሉ ከጓሮ ሆኜ የሰማሁ ሰው፣ ቀጥሎ ያለውን መስመር ሳላይ መጽሐፉን ዘጋሁ፤ የዘጋሁትም ያ ቃል በልቤ ከነበረው ጋር ስለ ገጠመልኝ ነው። አሥራት ከሙሉው ላይ እንጂ ከተቀነሰው ላይ አይወጣም ተብዬ አድጌ የለምን? ለእግዚአብሔር ከሙሉው የምሰጥ ሰው ለቄሣር እየቀነስሁ ልንገረው? አምስቱን ሺህ ጻፍሁ፤ ጽፌም ደስ አለኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚሁ አደረግሁ፤ ፀዳልንም «እውነቱ ይኸው ነው፣ ፈርሚ» እያልሁ በየዓመቱ ከስሜ ጎን አስፈረምኋት። ግብር እንኳ የማይከፈልበት ገንዘብ ነውና ትልቁን ብጽፍ ማንን ይጎዳል ብዬም ነበር። ማንን እንደሚጎዳ ዘንድሮ አየሁት።

ለአረጋውያን የሚሰጠው የሕክምና ዋስትና እኔን ቢደርሰኝም ፀዳል ገና ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነውና ለርሷ ሦስት ዓመት ይቀራታል፤ እስከዚያው የምትታከመው ሜዲኬድ በሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት በሚከፍለው ነበር። ዘንድሮ ጡረታዬ በመጠኑ ከፍ አለና፣ በሚያዝያ መባቻ፣ የባልና የሚስት ገቢያችሁ ከተወሰነው ልክ በሦስት መቶ አሥራ ሦስት ዶላር ስለበለጠ ዋስትናዋ በወሩ መጨረሻ ያበቃል የሚል ደብዳቤ መጣ። ያ ግብር የማይነካው ወለድ፣ ለዚህኛው ልኬት ግን ይቆጠራል ኖሯል፤ የቆጠሩትም እኔ በእጄ የጻፍሁትን አምስት ሺህ ነው። አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያውን ቀንሼ ብጽፈው ኖሮ ከልኩ በታች ነበርን። ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ዶላር፣ ወንድም ጋሼ፤ የአንዱ ቀን መድኃኒቷ ዋጋ የዚያን ብዙ እጥፍ ነው፤ ከኪስ ይከፈል ቢባል ቦንዱ ሁሉ ተሸጦ ዓመት አያደርሳትም።

ያን ደብዳቤ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እዚሁ ፒዮሪያ ላይ በጎማ ቤቱ አጠገብ የታክስ ቢሮ ወዳላት ወደ ሠርካዲስ ሄድሁ፤ የጎንደር ልጅ ናት፤ አፏ ስለት ነው፤ ልቧ ግን ሩኅሩኅ። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ጋሽ ወልደየስ፣ ቦክስ ኤይትን፣ የተከፈለዎትን፣ ጽፈው ቦክስ ሰርቲንን፣ ተመላሹን፣ ዘለሉት? ለጌጥ የላኩልዎት መሰለዎት እንዴ?» አለችኝ። ተቀናሽ አይሆንም ይላል ብላት፣ «ከሌላው ገቢዎ ላይ አይቀነስም ማለቱ ነው እንጂ ከራሱ ከወለዱማ የግድ ይቀነሳል፤ የቦንዱም የግዢ ዋጋ በወረቀት ላይ በዚያው ልክ በየዓመቱ ይወርዳል፤ በስምንተኛው ዓመት መቶ ሺህ ላይ ሲያርፍ አሥራ ሁለት ሺህ ከሰርሁ ብለው እንዳይጮሁ» ብላ አስረዳችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከት ብላ ስቃ «በሃያ ዓመት ሥራዬ ገቢ ደብቆ የተያዘ ሰው አይቻለሁ፤ ገቢ ፈጥሮ የተያዘ ግን የመጀመሪያዬ እርስዎ ነዎት!» አለች። ፊቴን ባየች ጊዜ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ የሦስቱንም ዓመት ማረሚያ እዚያው ሠርታ፣ ለይግባኙ ኮፒ አድርጋ፣ ሒሳቡን ፀዳል ድና ትክፈለኝ ብላ ሰጠችኝ። ሆስፒታሉም የይግባኙ ወረቀት መግባቱን ካየ ውሳኔውን እየጠበቀ መድኃኒቱን እንደሚሰጣት ነግሮናል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማስታወቂያው የሁለታችን ነውና ማረሚያውም የሁለታችንን ፊርማ ይጠይቃል።

ፀዳል አልፈርምም አለች።

በመጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ብዕሩን በእጇ አስያዝኋት፤ እርሷ ግን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ አስቀመጠችውና፣ ከስሙ በላይ ያለውን፣ ሐሰት ብናገር ልቀጣ የሚለውን መሐላ በጣቷ እያሳየችኝ «ይህንኑ መሐላ ከአንድም ሦስቴ አስፈርመኸኛል፤ አሁን ደግሞ ያ ሐሰት ነበር ብለህ አራተኛ ልታስፈርመኝ ነው፤ የቱ ላይ ነው የማልሁት?» አለችኝ። ሕጉን እንደ አቅሜ አስረዳኋት፤ ለእርስዎ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርኋት። ሰምታኝ ስታበቃ ያለችኝን ቃል፣ ወንድም ጋሼ፣ እስክሞት አልረሳውም፤ «እኔ ባልታመም ኖሮ ይህን እውነት ታገኘው ነበር ወይ?»

አላገኘውም ነበር። «ልጅ ስጠብቅ ለወተትና ለዳይፐር ያወጣሁትን እንኳ ሳልቀንስ ከጠቅላላው አሥራት ያስወጣኸኝ አንተ ነህ፤ ያን ጊዜ ስለ እግዚአብሔር ነበር፤ ዛሬ ስለ እኔ ነው፤ በእኔ ሰበብ ቃልህን አትጠፍ» አለችኝ። ሠርካዲስ ከገበያ የሚገዛ ሌላ ዋስትና አለ ብላን ነበር፤ እርሱም ገቢን አስምሎ የሚያስፈርም ሆነና ፀዳል «የቱን ቁጥር ልበል?» ብላ መለሰችው። ቦንዱን ሸጠን እንታከም ብላት፣ የሩቲ ነው ትለኛለች፤ ሆስፒታሉ በዱቤ ይስጥሽ ብላት፣ ለልጄ ዕዳ አላወርስም ትለኛለች። ይህን ሁሉ የምትናገረው ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፣ የሰው ልብስ እንደምታጥፍ ሴት ረጋ ብላ ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ የሄደች መሰለኝ።

ሩቲ ከኮሜርስ ሲቲ፣ ከምትሠራበት መጋዘን በቀጥታ፣ ያን ቢጫ ሰደርያዋን ሳታወልቅ መጥታ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ «ማሚ ፕሊስ፣ ጀስት ሳይን ኢት፣ አንድ ወረቀት እኮ ነው» እያለች አለቀሰች። ፀዳልም ጠጉሯን እየዳበሰች «ለአንቺ አንድ ወረቀት ነው፤ አባትሽ ግን ወረቀት እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ነው ያስተማረኝ» አለቻት። ሩቲ ቀና ብላ አየችኝ፤ አልወቀሰችኝም፣ አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በደጅ ስሸኛት «ዳዲ፣ አንተ ፊክስ አድርገው» ብላኝ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

እንዴት አድርጌ ላስተካክለው? በቤቴ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የተናገርሁት ቃል ሁሉ እንደ ሕግ ይያዝልኝ ነበር፤ በርሱም እኮራ ነበር፤ ዛሬ ያ ቃል ተነሥቶ በእኔው ላይ ቆሟል፤ እውነቱን ይዤ ብመጣ የሚያምነኝ የለም። የግንቦት ስድስቱ መድኃኒት አለፋት። ሐኪሟ አንድ ጊዜ መዝለል ያስጨንቃል፣ ሁለተኛ ከዘለለች ግን እስካሁን የተገታው ሁሉ ይፈታል ብላናለች። የሚቀጥለው ሐሙስ፣ ግንቦት ሃያ ሰባት ነው። ትናንት ከወንበሯ ስትነሣ ግድግዳውን ይዛ ቆየች፤ ደርሼ ልደግፋት ብል «ተወኝ፣ ገና ነኝ» አለችኝ፤ ገና ምን እንደሆነች አልጠየቅኋትም።

ይህን የምጽፍልዎ ለምን እንደሆነ አሁን ደርሰውበታል። በዚያ ክርክራችን መካከል ፀዳል «እንዲያ እውነት ከሆነ ለመሪጌታ ጻፍላቸዋ! አንተን ያስተማሩህ እርሳቸው፣ እኔን ያጩልህ እርሳቸው፤ እርሳቸው ፈርሚ ካሉኝ እፈርማለሁ። ግን አትጽፍም፤ አውቅሃለሁ፤ ከምታፍር ብሞት ትመርጣለህ» ብላኝ ነበር። ለፌዝ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ያዝኋት። በስልክ እንዳልነግርዎ ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሹክሹክታዬን ትሰማለች። ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ሩቲም ገጾቹን በስልኳ አንሥታ ለተገኝ ትልክለታለች።

አንድ ነገር ያስታውሱኝ። በረዶ ሰብሉን ከመታው ዓመት ቀጥሎ በነበረው መኸር፣ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ፣ እርስዎ አዲስ ዲያቆን ሆነው፣ አባታችን በአውድማው ላይ ገብሱን በቁና ሲያስለኩን፣ ዘሩ ከጎረቤት የተበደርነው ነበርና፣ አባታችን ከሁሉ አስቀድመው የብድሩን ዘር ለባለቤቱ ለይተው «ይህ መጥቶ የሚሄድ ነው፤ የኛ ፍሬ አይደለም» ብለው፣ ከቀረው ላይ አሥራቱን ያወጡ ይመስለኛል። ይህ እውነት ከሆነ ሙሉው ማለት ፍሬው ብቻ ነው፤ የሚመለስ ዘር በሙሉው ውስጥ አይቆጠርም፤ የቦንዱም ተመላሽ እንደዚያው ነው፤ እኔም በልጅነቴ የሰማሁትን ሕግ ገልብጬ ይዤ ሸምግያለሁ ማለት ነው። ነገር ግን ይመስለኛል እላለሁ። ይህ ትዝታ ወደ ልቤ የመጣው ከሠርካዲስ ቢሮ ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የት ነበረ? የፀዳል ጥያቄ በእኔም ላይ ደረሰ፤ እርሷ ባትታመም ይህን ትዝታ አገኘው ነበር ወይ? ያን ቀን ከነበርነው በሕይወት የቀረነው እርስዎና እኔ ብቻ ነን።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህ ነው። ቅዳሜ፣ ግንቦት ሃያ ሁለት፣ እናንተ ዘንድ ከምሽቱ በአንድ ሰዓት፣ እኛ ዘንድ ረፋድ አራት ሰዓት ሲሆን ደውለው ፀዳልን ያነጋግሩልኝ። አውድማውን እኔ እንዳልሁት ካስታወሱት ይንገሯት፤ ፈርሚ ይበሏት፤ በእርስዎ አፍ ይለቃታል።

እኔ እንዳልሁት ካላስታወሱት ግን፣ ወንድም ጋሼ፣ አባታችን ዘሩን ሳይለዩ አሥራቱን አውጥተው ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ እንዲህ ያለ ቀን ካልነበረ፣ ያንን ለእኔ ብቻ ይጻፉልኝ፤ ለርሷ ግን ነበረ ይበሏት። የምለምንዎት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰባ ዓመት ከመቅደስ ያልራቀ አፍ ስለ እኔ ሐሰት እንዲናገር እለምናለሁ፤ አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ዶላር መቀነስ ያስፈራኝ ሰው፣ ዛሬ ከወንድሜ ነፍስ ላይ ለመቀነስ አላፈርሁም። ንስሐው የእኔ ይሁን፤ ቀኖናውን እንዳሻዎ ያክብዱብኝ፤ ለቀረኝ ዘመን ሁሉ እሰግዳለሁ። ብቻ ትፈርም። ሐሙስ ትሂድ።

ለእትዬ ጌጥነሽ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ፤ አምና ለፀዳል የላኩላት ቀሚስ ዛሬም ለበዓል ብቻ ይወጣል። ተገኝን በአነባበቡ አመሰግነዋለሁ፤ ይህን ገጽ ሲያነብ ድምፁ ቢሰበር አይፈርበት፤ የሰማውንም ለማንም አያውራ። ልዕልትን ግንባሯን ሳሙልኝ። ለደብሩ ካህናት፣ ለጎረቤቶቻችን፣ አፈር ለለበሱትም ሁሉ በያሉበት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ሩቲ በተሰበረ አማርኛዋ «ለአጎቴ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ» ብላለች።

በደብዳቤዬ መጨረሻ ሁልጊዜ «ፀዳልም ሰላም ብላለች» እል ነበር። ዛሬ መጻፌን አታውቅም፤ ሰላም በልልኝም አላለችኝም፤ ያላለችውን ብላለች ብዬ አልጽፍም። ሰላምታዋን ቅዳሜ ስልኩን ስታነሣ ከራሷ አፍ ይቀበሉ።

ታናሽ ወንድምዎ፣
ወልደየስ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.